ስለ መንጋጋ መጋጠሚያ፤ የራጅ ሥዕል የሚያሳየውና የማያሳየው

ከዘመዶቻችን አንዲት እናት ባለፈው ዓመት የአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጅዋን ይዛ ወደ አንድ የጥርስ ሐኪም ሄዳ ነበር። ልጅቱን ያስቸገራት ነገር ከጥርሶች ሁሉ በኋላ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ ድድዋን እየወጋ እንቅልፍ መንሣቱ ብቻ ነበር። ሐኪሙም ጥርሱ በምን አኳኋን እንደ ተኛ ለማየት የመላ መንጋጋዋን ሥዕል በራጅ አነሣ። ሥዕሉን ከተመለከተ በኋላ ግን ስለ ጥርሱ መናገሩን ተወና በግራ ጆሮዋ በኩል ያለውን የመንጋጋ አጥንት ራስ በጣቱ እያሳየ፣ ይህ አጥንት ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩም ወደ ቀዶ ሕክምና ሳያደርስ አይቀርም ብሎ ወረቀት ጻፈላት።

እናቲቱ ወረቀቱን ይዛ በዚያው ምሽት ወደ ቤታችን መጣች። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ስለ ነበር «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» ብላ ሰጠችን። እኛም ፊደሉን ማንበብ ባያቅተን ቃሉ የሐኪሞች ቃል ስለ ሆነ ምሥጢሩ ራቀን። ስንቸገር ባየች ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሁለት ዓመት ሲሆናት ከአልጋ ወድቃብኝ ነበር። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነው። አገጭዋ ደምቶ አገኘኋት። ለአባትዋ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም። እንግዲህ ልጄን የሰበርኋት እኔ ነኝ?» አለችን። የጠየቀችን ስለ አጥንት ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ተረዳን።

ስለዚህ ነገር የሚያውቁትን ሰዎች ስንጠይቅና የተጻፈውን ስንመረምር ሰነበትን። ያገኘነውንም ተመሳሳይ ወረቀት ለሚደርሳቸው ወላጆች ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች እንጽፋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምናመለክተው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ክቡር አንባቢ፣ አመልካች ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት አድርገው አፍዎን በቀስታ ይክፈቱና ይዝጉ። ከጣትዎ ሥር አንድ ነገር ሲንከባለልና ወደ ፊት ሲሸሽ ይሰማዎታል። ይህ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ ነው። ከበላዩ በራስ ቅል አጥንት ላይ ራሱን የሚቀበል ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱም ፊት ለፊት አንድ ጉብታ ይገኛል። አፍ በትንሹ ሲከፈት ራሱ በጉድጓዱ ውስጥ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ ሰው ሲያዛጋ ወይም ትልቅ ጉርሻ ሲቀበል ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ በጉብታው ላይ ወደ ታችና ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከዚህም በላይ የግራውና የቀኙ መጋጠሚያ በአንድ አጥንት የተያያዙ ስለ ሆነ አንዱ ብቻውን ሊንቀሳቀስ አይችልም።

በሁለቱ አጥንቶች መካከል መፋተግን የሚከለክል፣ እንደ ቀጭን ትራስ ያለ ጠንካራ ነገር አለ፤ ሐኪሞች ዲስክ ይሉታል። አፍ ሲከፈት «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ይህ ትራስ ከስፍራው ፈቀቅ ብሎ ሲመለስ ነው። ሕመም የሌለበት፣ የአፍንም መከፈት የማያውክ እንዲህ ያለ ድምፅ በብዙ ጤነኞች ሰዎች ዘንድ ይገኛል፤ ለብቻውም ሕክምና አያሻውም።

የአዋቂ ሰው የመንጋጋ ራስ ከጎን እስከ ጎን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት እስከ ኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያህል ትንሽ አጥንት በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ መልክ ያለው ሊመስለን ይችላል፤ ዳሩ ግን እንደ አፍንጫና እንደ ጆሮ ሁሉ ልዩ ልዩ ነው። በ1960ዎቹ ዓመቶች ዬል የተባለ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ የራስ ቅሎችን መርምሮ የራሱን ቅርጽ በአራት ክፍል ለየው። ላዩ በመጠኑ ጐበጥ ያለ አለ፤ ይህ ከሁሉ የሚበዛው ነው። ላዩ ጠፍጣፋ የሆነ አለ፤ እንደ ቤት ክዳን ወደ ሁለት ጎን ያዘቀዘቀ አለ፤ እንደ ኳስ የከበበም አለ። በአንድ ሰው እንኳ የግራው ከቀኙ ሳይመሳሰል ይገኛል። አራቱም ጤነኞች ናቸው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ሕፃን ሲወለድ ጉድጓዱ ገና ሜዳ ነው፤ ጉብታውም አልተነሣም። ጥርስ ሲበቅልና ማኘክ ሲጀመር ቀስ በቀስ ቅርጹን ይይዛል። የመንጋጋው ራስ የላይኛው ቅርፊትም እስከ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጽሞ አይጠነክርም። በወጣት ልጅ ሥዕል ላይ የራሱ ጠርዝ ደብዝዞ ቢታይ አጥንቱ ተበልቷል ብሎ መደንገጥ ያልተገባ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሥጋውን ሳይቀዱ ማየት የተቻለው በኖቬምበር 8 ቀን 1895 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ ቪልሄልም ሮንትገን የራጅን ጨረር ካገኘ ወዲህ ነው። የጥርስ ሐኪሞችም አልዘገዩም። በጃንዋሪ ወር 1896 የብራውንሽቫይግ ከተማ የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ በጥቁር ወረቀትና በጎማ የተጠቀለለ የመስተዋት ሰሌዳ በአፉ ይዞ፣ 25 ደቂቃ ያህል በጨረሩ ፊት ተኝቶ የገዛ ጥርሱን ሥዕል አስነሣ። ዛሬ ለአንድ ጥርስ የሚበቃው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው። በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊየንስ ከተማ ይኖር የነበረው ኤድመንድ ኬልስ ደግሞ መሣሪያውን ሲያስተካክል እጁን በጨረሩ ፊት የማድረግ ልማድ ስለ ነበረው በመጀመሪያ ጣቶቹን፣ ኋላም ክንዱን አጣ፤ ብዙ ከተሠቃየ በኋላ በ1928 ሞተ። የጥርስ ሐኪሞች ጨረሩን መፍራትንና መመጠንን የተማሩት በእንደዚህ ያሉ ሰዎች አካል ነው።

የዘመዳችን ልጅ የተነሣችው ዓይነት ሥዕል ፓኖራሚክ ይባላል። ይህን መንገድ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዳበረው በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ የነበረው ይርዮ ፓቴሮ ነው፤ መሣሪያውም በ1961 ለገበያ ቀረበ። ታማሚው ቆሞ ወይም ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ዘንግ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፤ መሣሪያው በራሱ ዙሪያ ይዞርና በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከአንደኛው ጆሮ እስከ ሌላው ያለውን መንጋጋ በአንድ ገጽ ዘርግቶ ያሳያል። ለጥርስ ሥራ እጅግ የሚጠቅም ሥዕል ነው። የዘመዳችን ልጅ ጥርስም በዚሁ ሥዕል ላይ ወደ ጎን ተኝቶ በደንብ ታይቷል።

ለመጋጠሚያው ግን ይህ ሥዕል ፍጹም ምስክር አይደለም። የመንጋጋው ራስ ወደ ውስጥ ዘወር ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ ጨረሩ በአግድሞሽ ያልፈዋል፤ የጉንጭ አጥንትም ጥላውን ይጥልበታል። ሰውየው አንገቱን በትንሹ ቢያዘነብል ወይም ቢያዞር አንደኛው ጎን ከሌላው የሰፋና የረዘመ መስሎ ይወጣል። ትራሱ ከነጭራሹ አይታይም። በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካኖች ምርመራ ፓኖራሚክ ሥዕልን ከሲቲ ስካን ጋር ቢያስተያይ፣ በሲቲ ከታወቁት የመጋጠሚያ አጥንት መበላሸቶች ፓኖራሚኩ ያገኘው ከመቶ 26ቱን ብቻ ሆነ። ስለዚህ ፓኖራሚክ ሥዕል «እዚህ ላይ አንድ ነገር ያለ ይመስላል፤ ተመልከቱ» ብሎ ለመጠቆም ይበቃል እንጂ ለመፍረድ አይበቃም።

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለ ኖርን አንድ ነገር ለምደናል። ምስክር ያየውን እንዲናገር ይጠየቃል እንጂ ያላየውን እንዲገምት አይፈቀድለትም፤ ቃሉም ከሌላው ማስረጃ ጋር ይመዘናል። ከሐኪሞቹ ጋር በተነጋገርን ቍጥር ይህ ነገር ወደ አሳባችን ይመጣ ነበር።

ከፓኖራሚክ የሚሻለው ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው ነው። ይህ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣልያን አገር በቬሮና ከተማ የተሠራና የጥርስ ሐኪሞች በየሕክምና ቤታቸው ሊያቆሙት የሚችሉት መሣሪያ ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ በራስ ዙሪያ ሲዞር እጅግ ብዙ ሥዕሎች ያነሣል፤ ኮምፒዩተሩም እነዚያን አዋሕዶ አጥንቱን ከፊት፣ ከጎንና ከላይ፣ እንደ ዳቦ ቍራጭ እየቈረሰ ያሳያል። አጥንትን ለማየት ከዚህ የሚበልጥ ብዙ የለም። ነገር ግን እርሱም ትራሱን አያሳይም፤ ለትራሱና ለጡንቻው ኤም አር አይ የሚባለው፣ ጨረር ሳይኖርበት በማግኔት ኀይል የሚሠራው መሣሪያ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዘመዳችን ልጅ እንመለስ። እኛ ባገኘነው ምክር እናቲቱ ልጅዋን በመንጋጋ ሥራ ወደ ሠለጠነ ሌላ ሐኪም ወሰደች፤ ለብርታት እንሆናት ዘንድ ስለ ለመነችን እኛም አብረን ሄድን። ይህ ሐኪም ሥዕሉን ገና አልጠየቀም። ልጅቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ስታኝክ ያማት እንደ ሆነ፣ ጧት ስትነሣ መንጋጋዋ ይደክማት እንደ ሆነ፣ አፍዋ ተቈልፎ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቃት። በጣቶቹ ከጆሮዋ ፊትና ከጉንጭዋ ላይ ጫን ጫን እያደረገ ሕመም ፈለገ። አፍዋን እስከ ቻለች ድረስ ከፍታ በማስመሪያ ሲለካ በላይና በታች ጥርሶችዋ መካከል 44 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህም ደኅና ነው። ስትከፍት አገጭዋ ወደ አንድ ጎን አልሄደም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥዕሉን ተቀብሎ አየና፣ ስብራት ተብሎ ጥያቄ ስለ ተነሣ ጥያቄው መዘጋት አለበት ብሎ ሁለቱን መጋጠሚያዎች ብቻ በኮን ቢም ሲቲ አስነሣ።

በዚያ ሥዕል ላይ የግራው ራስ እንደ ፍየል ሰኮና ሁለት ጫፍ ሆኖ ታየ። ከሁለቱ ጫፎች መካከል ጠባብ ሸለቆ ቢኖርም የላዩ ነጭ ቅርፊት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ያልፍ ነበር። ሐኪሙ በብዕሩ ጫፍ እየተከተለ «ስብራት ቢሆን ኖሮ ይህ መስመር እዚህ ላይ ይቈረጥ ነበር፤ አጥንቱም ከስፍራው ይሸሽ ነበር» አለን። በላዩ ያለው ጉድጓድም ሁለቱን ጫፎች የሚቀበል ሆኖ ተቀርጿል፤ ስለዚህ ራሱና ጉድጓዱ ተስማምተው አብረው አድገዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ጫፍ ራስ አዲስ ነገር አይደለም። በ1941 በአሜሪካ የሰው አካል ተመራማሪ የነበረው አሌሽ ህርድሊችካ በቤተ መዘክር ከተከማቹ የራስ ቅሎች መካከል በርካቶቹን አግኝቶ ጽፎባቸዋል። በሕይወት ባሉ ሰዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እንደዚህች ልጅ ስለ ሌላ ነገር በተነሣ ሥዕል ላይ በድንገት ነው፤ ባለቤቶቹም አብዛኞቹ አንዳች አይሰማቸውም። ምክንያቱን ሊቃውንት በሁለት መንገድ ይተርኩታል። አንዳንዶቹ አጥንቱ ገና ሲያድግ በመካከሉ የሚገኝ ቀጭን ጅማታዊ ክር ሳይጠፋ ቀርቶ ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል ይላሉ፤ ሌሎቹ በሕፃንነት አገጭ ላይ በደረሰ ምት የተነሣ ነው ይላሉ። ሁለቱም መንገድ እንደሚሆን የሚያስረዱ ብዙዎች ናቸው።

እናቲቱ የጠበቀችው ይህንን ነበርና ስለ አልጋው ነገር ጠየቀችው። የሰጣትን መልስ ቃል በቃል ጽፈነዋል። «እመቤቴ፣ ይህ ሥዕል ቅርጹን እንጂ ቀኑን አይነግረኝም። ከመወለድዋ በፊት የጀመረም እንደ ሆነ፣ ወድቃ የመጣም እንደ ሆነ ዛሬ ለይቼ ልነግርዎ አልችልም። የምነግርዎ ይህ ራስ ሥራውን በደንብ የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ቢላዋ አይንካው። የሚያስፈልጋት ያ ጥርስ መነቀሉ ብቻ ነው።» እናቲቱ «የለም፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» የሚለውን ቃል ስትጠብቅ ስለ ነበረች ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ያን ቀን ማታ ለባልዋ ነገረችው፤ የመለሰላትን ቃል እኛ አልጠየቅንም።

ከዚህ የተነሣ የቅርጽ ልዩነት ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሥዕልም አያስፈልግም የሚል አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ልዩነቱን ማወቅ ሰውን ከመከራ የሚያድንበት ጊዜ አለና።

ከመንጋጋው ራስ ፊት ሌላ ሾጣጣ አጥንት አለ፤ ከግንባር ጎን የሚወርደው የማኘኪያ ጡንቻ የሚያያዘው በእርሱ ላይ ነው። ይህ አጥንት በአንዳንድ ሰዎች፣ ይልቁንም በጕርምስና ዕድሜ ባሉ ወንዶች ልጆች ከልክ በላይ ይረዝማል። አፍ ሲከፈት ጫፉ ከጉንጭ አጥንት ጋር ስለሚጋጭ አፉ ያለ ሕመም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። ሕመም ስለሌለው ወላጅ አያስተውለውም፤ ልጁም ጉርሻውን እያሳነሰ ይለምደዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ጡንቻው ደርቋል ተብሎ ብዙ ጊዜ በማሸትና በመድኀኒት ሊቈይ ይችላል፤ መድኀኒቱ ግን የረዘመውን አጥንት ማሳጠር ስለ ሆነ ነገሩን የሚገልጠው ሥዕል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሥዕል መንፈግ በደል ነው።

ሁለተኛው፣ ከራሱ ፊት ያለው ጉብታ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ድፍን ሳይሆን እንደ ማር እንጀራ አየር የሞላባቸው ክፍሎች አሉበት። በ1985 ሁለት አሜሪካውያን የ1,061 ሰዎችን ፓኖራሚክ ሥዕል ተመልክተው በ28ቱ፣ ማለት ከመቶ 2.6 ያህሉ ዘንድ አገኙት፤ ኮን ቢም ሲቲ በመጣ ጊዜ ደግሞ ፓኖራሚኩ የሚያመልጠው ብዙ መሆኑ ታወቀ። ለባለቤቱ አንዳች አያደርገውም። ነገር ግን መንጋጋቸው ደጋግሞ የሚወልቅባቸውን ሰዎች ለማከም ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ይህን ጉብታ ይቈርጣሉ። አየር ያለበትን ጉብታ ሳያውቁ የቈረጡት እንደ ሆነ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው ክፍል መንገድ ይከፈታል። የጉድጓዱም ጣሪያ እጅግ ስስ ነው፤ የደረቀ የራስ ቅል ወደ ፀሐይ ቢያነሡት ብርሃን ያሳልፋል፤ ከጣሪያው በላይ ያለው አንጎል ነው። ስለዚህ ቢላዋ ከማንሣት በፊት የእያንዳንዱን ሰው አጥንት በሲቲ ማየት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው እናቶችን የሚመለከት ነው። በጆሮ ቀዳዳና በመንጋጋው መጋጠሚያ መካከል ባለው ቀጭን የአጥንት ግድግዳ ላይ በሕፃናት ዘንድ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በጀርመናዊው ሊቅ በኤሚል ሁሽኬ ስም ትጠራለች። በአብዛኞቹ ልጆች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ትደፈናለች፤ በጥቂቶች ዘንድ ግን ሳትደፈን ትቀራለች። እንዲህ በሆነ ጊዜ አንዳንድ ሰው ሲበላ ከጆሮው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፤ አንዳንዱም ሲያኝክ በጆሮው ውስጥ ድምፅ ይሰማል። ለጆሮ ቍስል ተብሎ ጠብታ ሲደረግለት ይከርማል፤ ፈሳሹ ግን ምግብ በቀረበ ጊዜ ይመለሳል። ፈሳሹ የሚመጣው በሚበላበት ጊዜ ብቻ መሆኑን ያስተዋለች እናት ይህን ለጆሮ ሐኪሙ ብትነግረው ቀዳዳዪቱን በሥዕል ለመፈለግ ምክንያት ይሆነዋል።

በአንድ ጎን ያለው ራስ ከሌላው አልፎ በማደጉ አገጩ ቀስ በቀስ ወደ ጎን የሚሄድበትም ሰው አለ። ለእርሱ አንድ ሥዕል አይበቃም፤ ዕድገቱ ቆሟል ወይም አልቆመም ለማለት በልዩ ልዩ ጊዜ የተነሡ ሥዕሎችን ማስተያየት ያሻል።

ስለ ጨረሩ ጕዳት የሚፈሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ ልኩን እንናገር። ሰው ሁሉ ከምድርና ከሰማይ በዓመት የሚቀበለው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም መካከለኛ ልክ 2,400 ማይክሮሲቨርት ያህል ነው። አንድ ፓኖራሚክ ሥዕል 20 ማይክሮሲቨርት ገደማ ስለ ሆነ የሦስት ቀን የተፈጥሮ ጨረርን ያህላል። ኮን ቢም ሲቲ ግን እንደ መሣሪያውና እንደሚነሣው ስፍራ ስፋት ከጥቂት ዐሥሮች ጀምሮ እስከ ብዙ መቶዎች ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ለጨረር ስሱዎች ናቸው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው መመሪያ ኮን ቢም ሲቲ ታሪኩ ላልተጠየቀና አካሉ ላልተመረመረ ሰው እንዳይታዘዝ፣ ለሁሉም እንደ ልማድ እንዳይደረግ ወስኗል። ስለዚህ ወላጅ ሐኪሙን በትሕትና «ይህ ሥዕል የሕክምናውን መንገድ ይለውጠዋልን?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። መልሱ አይለውጥም የሆነ እንደ ሆነ ሥዕሉ ይቅር። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህንኑ አስቀድማ ትናገር፤ አስቸኳይ የሆነ የጥርስ ሥዕል ግን ወደ ማሕፀን የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አይከለከልም።

ሥዕል ለመነሣት የሚሄድ ሰው ጉትቻውን፣ የአንገት ሐብሉንና የፀጉር መያዣውን ያውልቅ፤ ብረቱ ጥላውን በመንጋጋው ላይ ይጥላልና። የማተብ ክር ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የብረት መስቀል ያለበት እንደ ሆነ ግን መስቀሉን ለጊዜው ፈትቶ ማኖር ይሻላል። መሣሪያው በሚዞርበት ጊዜ ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግቶ ጸጥ ማለት ነው። ልጅ የተነቃነቀ እንደ ሆነ ሥዕሉ ይበላሽና ሁለተኛ ጨረር ያስፈልጋል።

መንጋጋው የሚያመው ሰው ሁሉ ሥዕል አያስፈልገውም። አብዛኛው የሚድነው ለጥቂት ሳምንት ቆሎና ጥሬ ባቄላ ትቶ ለስላሳ እህል በመብላት፣ ሲያዛጋ አገጩን በእጁ በመደገፍ፣ ለብ ያለ ጨርቅ ከጉንጩ ላይ በማድረግ፣ ጥርስ ማፋጨትንና ጥፍር መብላትን በመተው ነው። ነገር ግን አፉ የተቈለፈ፣ ሦስት ጣቱን ደርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ያቃተው፣ አገጩ ወደ ጎን የሄደ፣ ከምት በኋላ ጥርሶቹ እንደ ቀድሞው አልገጥም ያሉት፣ ከንፈሩ የደነዘዘ፣ ወይም ጉንጩ አብጦ ትኵሳት የያዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ከኀምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው አዲስ ሕመም ከጀመረውና የግንባሩ ጎን ከታመመ ወይም ዐይኑ ከደበዘዘ የደም ሥር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይሂድ፤ ዐይኑን ሊያሳጣው ይችላልና።

የመጨረሻው ምክራችን የጸሐፊ ምክር ነው። ሥዕሉን የተነሣ ሰው ቅጂውን ከነጽሑፉ ይቀበል፤ ስሙንና የተነሣበትን ቀን ጽፎ ያስቀምጥ። ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄድ የቀድሞውን ይዞ ቢሄድ ሁለተኛ ጨረርና ሁለተኛ ወጪ ይቀርለታል፤ ሐኪሙም ያለፈውን ከዛሬው ጋር ያስተያያል። የዘመዳችን ልጅ ሥዕል ዛሬ በፖስታ ሆኖ ከክርስትና ወረቀትዋ ጋር በእናትዋ ሣጥን ይገኛል። በፖስታው ላይ ስምዋንና ቀኑን፣ ከዚያም ሐኪሙ እንዳለው «የግራው ራስ ሁለት ጫፍ አለው፤ ስብራት አይደለም» የሚለውን የጻፍን እኛ ነን። እናቲቱ «በተፈጥሮ» የሚል ቃል እንድንጨምርበት ለምናን ነበር፤ ሐኪሙ ግን አልተናገረውምና አልጻፍነውም።